ኾር ስንል ኮር ሲሉን

ስብሰባ አልወድም። በመምህርነቴ የተቀመጥኩበት ስብሰባ ሁሉ እህል ቢሆን ኖሮ ጎተራ ይሞላ ነበር፤ የተረፈኝ ግን የወገብ ሕመም ብቻ ነው። ያንን አንዱን ስብሰባ ግን ወድጄው ነበር። ከሁሉም ጋር አጨብጭቤያለሁ። አሁን ክረምቱ ገብቶ በደጋው በኩል ሲያጉረመርም፣ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው ያ ጭብጨባ ነው።

ከተማችን ከመተማ ብዙ የማትርቅ የቆላ ከተማ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ሰዎቿ ያኮረፉኝ ይበቃል፣ ሌላ ምክንያት አልጨምርላቸውም። በበጋ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፤ በክረምት ዋልካው ከእግር ላይ ጫማ ያወልቃል። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከጎጃምም ከወሎም በሚወርደው የቀን ሠራተኛ መንገዱ መላወሻ ያጣል፤ አጨዳው ሲያልቅ ድግሱ ያለፈበት ቤት ትመስላለች። በመሃሏም ኾር ያልፋል።

ኾር ከሱዳኖቹ የወረስነው ቃል ነው። በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በክረምት ደራሽ ውሃ የሚወርድበት ሰፊ ቦይ ነው። ከዋልካው ሁሉ የሚሻለው ሜዳ እሱ ስለሆነ በጋውን በሙሉ የምንኖረው እዚያ ነበር ማለት ይቻላል። የከብት ገበያው የሚቆመው ኾሩ ላይ ነው። ሰርግ ሲሆን ዳስ የሚጣለው ኾሩ ላይ ነው። ኳስም እዚያው ነው። ቤት ግን ማንም አይሠራበትም ነበር። የሚከለክል ሕግ ስለነበረ አይደለም፤ ኾር ኾር ስለሆነ ነው።

ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ሲወርድ አይቼዋለሁ። እኛ ጋ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። የዘነበው ደጋ ነው። ከሩቅ የከባድ መኪና ድምፅ ሰማሁና መኪና ለማየት ወደ ዳር ሮጥኩ። አባቴ ከኋላ ደርሶ በአንድ ክንዴ አንጠለጠለኝ። ቀጥሎ ያየሁት አንድ ትልቅ ግራር ነው፤ እንደቆመ እየሄደ መጣ። ከኋላው ውሃው፣ ከውሃው ጋር የአንድ ባለሀብት የትራክተር ተሳቢ ከነማሽላው። ጩኸቱ ሲያልፍ ፀሐዩ እንዳለ ነበር።

አባቴ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ያን ዕለት ማታ እግሩ ሥር ስቀመጥ እንዲህ አለኝ፤ «ኾር የእንግዳ ጠባይ ነው ያለው። መጀመሪያ መጥቶ ደጅ ላይ ይቆምና ቤቱን ያያል። ሁለተኛ ሲመጣ ይገባል።» ልጅ ለማስፈራራት የተፈጠረ ነገር መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኾሩ እንደዚያ ወርዶ አያውቅም። በየክረምቱ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃ መሃል ለመሃል ሄዶ አሸዋው ይውጠዋል። ልጅ የነበርነው አረጀን፤ ቃሉን እንጂ ውሃውን የሚያስብ ሰው ጠፋ።

ታናሽ እህቴ የመጣችው የሱዳን ጦርነት በተነሳ ጊዜ ነው። ካርቱም ሻይ ትሸጥ ነበር። ባሏ ዕቃ ላምጣ ብሎ እንደወጣ ወሬው ጠፋ፤ እሷ ልጆቿን ይዛ፣ አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳጥን ተሸክማ በገላባት የድንበሩን ድልድይ ተሻገረች። እኔ የምኖረው ትምህርት ቤቱ አጠገብ ጉብታው ላይ ባለው የመምህራን ግቢ ነው፤ ያለኝ አንድ ክፍል ነው። እዚያችው ላይ ተደራረብን። አማርኛዋ በዓረብኛ ተለውሶ፣ ነገሩ ሁሉ «ኸላስ» እና «ማፊ ሙሽኪላ» ሆኖ ነበር። በቃ፣ ችግር የለም ማለቷ ነው። ችግር የነበረባት ግን እሷ ነበረች። ሌሊት ኮሽ ባለ ቁጥር ትነሳለች። ካርቱም የተከራየችውን ቤት በር ታጣቂዎች ገንጥለው እንደገቡባት አንድ ቀን ብቻ ነገረችኝ፣ ሁለተኛ አላነሳችውም።

«እታለም፣ እኔ ከእግዜር የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አለችኝ አንድ ቀን ልብስ ስታጣጥፍ። «የራሴ በር። ማታ ከውስጥ የምቀረቅረው፣ ማንም ክፈቺ ብሎ የማይጮህብኝ።»

እንዲህ ባለች ሰሞን ነው ማዘጋጃ ቤቱ በሞንታርቦ ማስለፈፍ የጀመረው፤ የከተማችን የረጅም ዘመን ፕላን በነዋሪው ተሳትፎ ሊዘጋጅ ነውና ማንም እንዳይቀር።

ስብሰባው የተደረገው እኛ ትምህርት ቤት ግቢ ነው። ፕላኑን ሊሠራ የመጣው ባለሙያ ወጣት ነበር፤ ከሩቅ፣ ከትልቅ ከተማ የመጣ። ከፋም ለማም እንደሱ ያለ ባለሙያ አይቼ አላውቅም። ያለቀለት ወረቀት ይዞ መጥቶ «አስተያየት ካላችሁ» አላለም። ባዶ እጁን ቆመና፣ «ከተማችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ መሬት ላይ ሥሩልኝ» አለ። ሰዉ መጀመሪያ አፈረ፤ ከዚያ ማን ያቁመው። መንገዱን በአመድ አሰመሩት። ቤቶቹን በለስላሳ ቆርኪ ደረደሩ። ቤተ ክርስቲያኑን በድንጋይ፣ ጤና ጣቢያውን በጡብ ስባሪ አኖሩ። አባቴ በዱላው ከደጋው በኩል ጀምሮ ከተማውን ሰንጥቆ የሚያልፍ ሰፊ መስመር ጫረና ዳርና ዳሩን የሰሊጥ አገዳ ደረደረበት። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ኮርቶ አይቼው አላውቅም።

አሁን የምነግረውን ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በባለሙያው ትምህርት «ኮር» ማለት የከተማ እምብርት ነው፤ ገበያው፣ ሕንፃው፣ መናኸሪያው የሚሰበሰብበት። ፈረንጅኛ ነው። ይህን ከመሃላችን የሚያውቅ አልነበረም። በሌላ በኩል የከተማ ልጅ ጉሮሮው «ኾ»ን አይወልድም፤ ወደኛ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ኾራችንን «ኮር» እያለ ነው የሚኖረው፣ ለምደነዋል፣ አናርምም። እሱም የኛን ኾር ሲሰማ፣ የቆላ ሰው ኮርን በጉሮሮው የሚጠራ ነው የመሰለው።

«እሺ» አለ፣ «የከተማችሁ ኮር የቱ ነው?»

«ኾሩማ ይኼው!» ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ወደ አባቴ መስመር አመለከተ።

ልጁ ደስ አለው። በየከተማው ሲጠይቅ ሰዉ ይከራከራል አሉ፤ እንዲህ ባንድ አፍ የተናገረለት የለም። «ለእናንተ ኮሩ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ኾሩማ ሕይወታችን ነው እንጅ፣ ልጄ» አለው አባቴ። «ከብት የምንሸጥበት፣ የምንድርበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት።»

«ወደፊትስ ምን ይሁን?»

«ይከበር!» አለ አንዱ። «ይጠናከር! ዳር ዳሩ በድንጋይ ይታሰር!» አለች አንዲት ሴት። ልጁ «ኮሩን ማጠናከር» ብሎ በትልቁ ጻፈ፤ ተጨበጨበ። «የከተማ ዕድገት ከኮሩ ይጀምራል» አለ። አባቴ ዱላውን አነሳ፤ «እውነትህን ነው፤ ኾሩን ያላሰበ ከተማ ጠፊ ነው!» ያን ጊዜ ነው ጭብጨባው ግቢውን ያናወጠው። እህቴም ደፍራ ተነስታ፣ ቦታ የሌለን ሰዎች ለቤት መሥሪያ የሚሆን ቦታ ይታሰብልን አለች። «ኮሩ አካባቢ ቅድሚያ እንሰጣችኋለን» አላት ልጁ። ኾሩ አካባቢ ማለት ለኛ ዳሩ ነው፣ ከፍታው፣ ገበያው አጠገብ። ከዚያ የተሻለ ቦታ ከተማው ውስጥ የለም። እህቴ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ይኸው ነው።

ፕላኑ ጸድቆ ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ሰሊጡ ታጭዶ ነበር። ሰው ሁሉ እየሄደ ያያል፤ እኔም ሄድኩ። የሚያምር ሥራ ነው፣ ቀለሙ ብቻ ዓይን ይስባል። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ጤና ጣቢያው አለ፣ ትምህርት ቤታችን በጉብታው ላይ አለ። አባቴ በዱላው የጫረው መስመር ግን ቦይ አልሆነም። ከዳር እስከ ዳር ቀይና ቢጫ ተቀብቶ፣ በላዩ «ኮር፦ ገበያ፣ መናኸሪያና መኖሪያ» ተብሎበታል። ትንሽ ቆሜ አየሁት። ነገሩ ሲገባኝ ሳቅኩ፤ ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት፣ ዘበኛው ዘወር ብሎ እስኪያየኝ። ለአባቴ ሄጄ ስነግረው ግን አልሳቀም።

«አስጠፊው» አለኝ። «ሂጅና አሁኑኑ ይፍቁት።»

የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ቀዝቃዛ ከርከዴ አዘዘልኝ። «ቲቸር፣ ይኼ ፕላን እንደሌላው ከላይ የወረደ አይደለም። በነዋሪው ሙሉ ድምፅ የጸደቀ ነው። ነዋሪው ራሱ ኮር ያለውን እኔ ምን ብዬ ልሰርዝ?»

«ነዋሪው ያለው ኾር ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለኝ።

በሳቅና በንዴት መሃል ሆኜ ደጋግሜ አስረዳሁት። በኋላ ገባው፤ ሲገባው ፊቱ ተለወጠ፤ ወዲያው ደግሞ መልሶ አስተካከለው። ይህን ለማስለወጥ እንደገና ሕዝብ መሰብሰብ፣ እንደገና ማጸደቅ ያስፈልጋል፤ በጀቱ ደግሞ ለቦታ ሽንሸናው ተለቋል። ደግሞስ፣ አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኾሩ ከወረደ ስንት ዘመኑ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ሞኝ አልነበረም፤ ወረቀቱ ግን የያዘውን ያዘ።

ቦታው በዕጣ ተሰጠ። የእህቴ ስም ሲጠራ እልልታዋን ከጉብታው ላይ ሰማሁት። ችካል ወደተተከለበት ይዛኝ ወረደች። ልክ መሃሉ ላይ ነው፤ አምና የአንዲት ተማሪዬ እህት ሰርግ ዳስ የተጣለበት። ተንበርክካ አሸዋውን በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ይኼ ኾር ነው» አልኳት።

«ባሕር ቢሆንስ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«አንቺ ያን ጊዜ አልተወለድሽም። እኔ ሲወርድ አይቼዋለሁ።»

«እታለም፣ እኔም ያየሁትን አይቻለሁ። ውሃ በር ገንጥሎ አልገባብኝም፣ ባሌንም አልወሰደብኝም።» ከዚያ አሸዋውን ከጉልበቷ አራግፋ ሳቀች። «ማፊ ሙሽኪላ።»

ምን ትላላችሁ? እኔ ጉብታ ላይ የመንግሥት ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ከእሷ ጋር ዕጣ የደረሳቸው ሁሉ ኾር ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ በስብሰባው «ኾሩማ ይኼው» ብለው የጮኹት እነሱ ናቸው። ማንም አላታለላቸውም። ግን ቦታ ነው፤ ካርታ ያለው፣ ማኅተም ያለው፣ መንገድ ዳር ያለ ቦታ። ልብ ብሎ ለሚሰማ ሰው ቃሉ ራሱ እየተለወጠ ሄደ። መጀመሪያ «ኾሩ ላይ» ሲሉ ነበር፤ ቀጥሎ «ኮሩ ላይ»፤ ቤቶቹ ቆርቆሮ ሲለብሱ «ኮር ሰፈር» ተባለና መግቢያው ላይ ታፔላ ተሰቀለ። የኛው የቆላ ሰው፣ ኾን ከጉሮሮው የሚያወጣው ሰው፣ ሆን ብሎ ኮ ማለት ጀመረ። ይህን ስሰማ ነው መጀመሪያ የፈራሁት።

የእህቴ ቤት በሽመል ቆሞ በጭቃ ተለሰነ። በሩን እንደ ሳጥኗ አረንጓዴ ቀባችው፤ ከውስጥ ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ አስበየደችበት። የገባች ዕለት ልታሳየኝ አስወጣችኝና በሩን ዘግታ ቀረቀረችው። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለችኝ ከውስጥ፣ እንደ እመቤት ተጎልታ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል አላውቅም፤ ነገ ተመለሺ!» አለችና ሳቋ ፈነዳ። እኔ ደጅ ቆሜ አለቀስኩ፤ ደስታ ነበር፣ ሌላም ነገር ነበረበት።

የመጀመሪያው ክረምት እንደ ልማዱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ከታች ጩኸት ሰማሁ። ተማሪዎቼን ጥዬ ወጣሁ። ሰማዩ ሰማያዊ ነበር። ኾሩ መጥቷል። ቡናማ ውሃ በቤቶቹ መሃል እየተላለፈ ወረደ፤ ዶሮ ወሰደ፣ የአንዱን የማገዶ ክምር በተነ፣ የእህቴ በር ደፍ ጋ ደርሶ ቆመ። ቆመ ስላችሁ፣ ደፉን እየላሰ ትንሽ ቆየና እንደመጣ ሸሸ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሩ ጭቃ ብቻ ሆነ።

ሰዉ ዘፈነ። «ኾር ኾር ስትሉን የነበረው ይኼን ነው?» እያሉ ሳቁብን፤ ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ የሚያውቅ ሕዝብ። እህቴ ልጆቿን አቅፋ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና፣ እንደዚያን ቀን አምራ አይቻት አላውቅም። አባቴ ዱላውን ተደግፎ ከጉብታው ወረደ። ማንንም ሰላም ሳይል ወደ በሯ ሄደና ጎንበስ ብሎ የረጠበውን ደፍ በጣቶቹ ነካው።

«አባባ፣ ይግቡ እንጂ፤ ቀዝቃዛ ነገር ይጠጡ» አለችው።

«የለም፣ ልሂድ» አላት። ዳገቱን እየደገፍኩ ሳወጣው ዞር ዞር እያለ ያን በር ያይ ነበር። ምን ሆኑ አልኩት። «ምን እሆናለሁ፤ አየው እኮ» አለኝ።

«ማን ምኑን?»

«ቤቱን ነዋ። ደጅ ላይ ቆሞ አየው።»

ከዚያ ክረምት በኋላ ባለሙያው ተመልሶ መጣ። ፕላኑ በነዋሪው ተሳትፎ የሚከለስበት ጊዜ ነው ተባለ። ከስብሰባው በፊት የጎርፉን ወሬ ሰምቶ የማስተምርበት ክፍል ድረስ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ከስቷል። «ቲቸር» አለኝ፣ «ኾር ማለት ምን ማለት ነው?» ኾን እንደምንም ከጉሮሮው ለማውጣት ሞከረ። ነገርኩት። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አመዱን፣ ቆርኪውን፣ የሰሊጥ አገዳውን ሣልኩለት። የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልለው ነበር፤ ሳየው ግን አሳዘነኝና ተውኩት።

ስብሰባው ላይ እንደ ወንድ ቆሞ ተናገረ። «ተሳስቻለሁ። እናንተ የነገራችሁኝን ሌላ አድርጌ ሰማሁ። ሰፈሩ ያለው ጎርፍ መውረጃ ላይ ነው፤ መነሳት አለበት።» አንድ ሰው፣ «ምትክ ቦታ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ ወደ ኃላፊው ዞረ። ኃላፊው፣ ጥያቄው ለሚመለከተው ይቀርባል አለ። የኛ ሰው ይህ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጉምጉምታው ከኋላ ተነስቶ ወደፊት መጣ፤ አዳምጣችኋለሁ ብለኸን አልነበረም? ኮር ነው ብለን ነገርንህ፣ ኮር ብለህ ጻፍክ፤ አሁን በማን አፍ ነው የምትለውጠው?

ያን ጊዜ ተነሳሁ። ውሃው ደፍ ድረስ መምጣቱን በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ፤ ምትኩን አጥብቀን እንጠይቅ እንጂ የለም ብለን አንካድ አልኩ። ገና ሳልጨርስ እህቴ ተነሳች። ከሁሉም ፊት። ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም።

«እኔ እዚያው ነኝ የምኖረው። ውሃ የሚባል አላየሁም።»

«አላየንም!» አለ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ። ልክ እንደዚያን ጊዜው፣ «ኾሩማ ይኼው» እንዳሉት። እጅ ወጣ፤ ፕላኑ ባለበት ይቀጥል ተባለ። ኃላፊው ከልቡ አዝኖ፣ የሕዝብ ድምፅ ነው አለ። ከግቢው ስንወጣ እህቴ በአጠገቤ አለፈች፤ «ቤቴን ልታፈርሺብኝ» አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም። በጋውን በሙሉ አላናገረችኝም። ገበያ ላይ ሳገኛት ልጆቿን ሰላም በሏት ትላለች፤ እሷ ሌላ ቦታ ታያለች። እንዲህ ያለ ቅጣት ከጠላት አይመጣም። ብዙ ቀን ዝም ብል ኖሮ ብዬ ተጸጽቻለሁ፤ ብዙ ቀን ደግሞ ዝም ብል ኖሮ ብዬ ደንግጫለሁ።

ይኸው እንደገና ክረምት ነው። አባቴ ዓይኑ ደክሟል፤ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ወንበሩን ወደ ደጋው በኩል አዙሬ አስቀምጥለታለሁ፤ በጆሮው ነው የሚጠብቀው። ደጋው ላይ የነበረው ጫካ ድሮ ውሃውን እየያዘ ይለቀው ነበር ይለኛል፤ አሁን እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ በትራክተር የታረሰ ሰሊጥ ነው፤ የሚይዘው የለም።

ዝናቡ የጀመረ ሰሞን ከኮር ሰፈር አንዲት ሴት አንድ ኩንታል ማሽላ በአህያ ጭና ወደ ግቢያችን መጣች። «ቲቸር፣ ለጊዜው እዚህ ይቀመጥልኝ። ዘንድሮ ምስጥ አላስቀምጥ አለን» አለችኝ። እሺ አልኳት። በማግስቱ ሌላው ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣ። «ምስጥ ነው» አለኝ። ምስጥ ቴሌቪዥን ምን ያደርገዋል ብዬ አልጠየቅኩትም። ቀጥሎ የልብስ ስፌት መኪና መጣ፤ ቀጥሎ የቅዱሳን ሥዕል፣ የሠርግ ፎቶ፣ የቤት ካርታ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ። አሁን የመምህራን ግቢው መጋዘን መስሏል። አንዱም ኾር የሚል ቃል አልተናገረም። ሁሉም ዕቃውን ያስቀምጥና ይወርዳል፤ ማታ እዚያው ያድራል። ምትክ የለ፣ የት ይሂድ? ቤቱን ባዶ ካገኙት ደግሞ ለሌላ ይሰጡታል የሚል ወሬ አለ።

እህቴ የመጣችው ከሁሉም በኋላ ነው። አረንጓዴውን ሳጥን በራሷ ተሸክማ፣ ላብ በላብ ሆና በራፌ ላይ ቆመች። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ደጄን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ሳጥኑን ተቀበልኳትና አልጋዬ ሥር ገፋሁት።

«ምስጥ ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

አባቴ ከደጅ ድምፅዋን ለይቶ ስሟን ጠራ፤ «አቤት አባባ» አለችና ጉልበቱን ስማ ተመለሰች። ልትወርድ ስትል እጇን ያዝኳት።

«ልጆቹንስ?»

«ልጅ ምስጥ አይበላውም፣ እታለም» አለችኝ፤ እጇን ግን አላስለቀቀችኝም።

ነጠላዬን አንስቼ አብሬያት ወረድኩ። ኮር ሰፈር ደህና ነው፤ ሰው በየደጁ ተቀምጧል፣ ሬዲዮ ይጮሃል፣ በሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። አረንጓዴው በር ጋ ስንደርስ ያን ሁሉ ወር ልነግራት የፈለግኩት ነገር ሁሉ ጠፋኝ፤ የቀረኝ አንድ ልመና ነው። በዚህች በር እንዴት እንደምትኮራ ስለማውቅ መናገሩ ራሱ አሳፈረኝ።

«እባክሽ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ማታ ማታ በሩን አትቀርቅሪው» አልኳት።

የብረት መቀርቀሪያውን ነካ አደረገችው። ዝጓል።

«ዝናብ ከገባ ወዲህ ቀርቅሬው አላውቅም» አለችኝ።